በገዛነው ቤት ተከራይ ስለ መሆናችን

ለቤት ሽያጭ ርክክብና ለደላሎች ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 9

ጉዳዩ፦ ለፊታችን ሐሙስ የተያዘው የቤት ርክክብ እንዲዘገይልን፣ እንዲሁም ደላላው ከአንዲት እናት ላይ የወሰደው ኮሚሽን እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

«ቤቴን ተቀማሁ» ብሎ በርዎን የሚያንኳኳ ሰው ብዙ እንደሚሆን እገምታለሁ። እኔ የምለምነው ግን በሕጋዊ ውል የገዛሁትን ቤት ሐሙስ ዕለት እንዳልረከብ እንዲረዱኝ ነው። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛዎ ይህን ስነግራት «እንድትረከቢ ነው ወይስ እንዳትረከቢ?» ብላ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ አልፈርድባትም። ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ያህል፣ እኔ በአንድ መነጽር ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ መስታወት እየሞረድኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ትምህርት ቤት የምትሄድ አንዲት ልጅ አለችን። እስከ ዛሬ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት አቤት ብዬ አላውቅም፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢዛነፍ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. ቤት ለመግዛት ከተነሳን ጀምሮ ያልረገጥነው ሰፈር የለም። ደላሎች «ፀሐይ የጠገበ» ያሉን ቤት ጣሪያው የተቀደደ ሆኖ ተገኘ። «ለመንገድ ቅርብ» የተባለው መኪና ግድግዳውን እየታከከው የሚያልፍ ነበር። «ጸጥ ያለ» የተባለው ደግሞ ውሃም መብራትም ስለሌለው ሰው ሁሉ ጥሎት የሄደ ነው። በመጨረሻ የአሁኑ ደላላ ተገኘ። ሰፈሩ «ችግር የለም» ብሎ ይጠራዋል፤ ለሚጠየቀው ሁሉ መልሱ እሱ ስለሆነ ነው። እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። ፈቃዱን የሰጠው ጽሕፈት ቤትዎ መሆኑን ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት አስገብቶ ሰቅሎት አይቻለሁ።

ያሳየን ቤት ሦስት ክፍል፣ ከኋላ አንዲት ሰርቪስ ክፍል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሰው ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥባት በረንዳ ያለው ነው። ከበሩ ሳንደርስ ችግር የለም መኪናውን አቁሞ መመሪያ ሰጠን። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት የሻጩ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ቀስ ብሎ እስኪነግራቸው ድረስ ስለ ሽያጩ መስማት የለባቸውም፤ ስለዚህ ገዢ እንዳትመስሉ አለን። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ አትዩ፣ በእርምጃ አትለኩ፣ ስለ ውሃው አትጠይቁ። «የልጃቸው ወዳጆች ናችሁ፣ በዚህ ስታልፉ ሰላም ልትሏቸው ጎራ አላችሁ፣ በቃ» አለ። ባለቤቴ «ሳናየው ነው እንዴ የምንገዛው?» ብሎ ጠየቀው። መልሱን ያውቁታል።

2. እንዲህ ሆኖ ነው የዕድሜያችንን ትልቁን ግዢ የሻይ ብርጭቆ ይዘን፣ አንገታችንን ሳናዞር ያየነው። እማማ (ከዚህ በኋላ እንዲህ እላቸዋለሁ፤ ሌላ አጠራር አይመጣልኝም) ሰው በመምጣቱ የተደሰቱት መደሰት አንጀቴን በላው። ያላቸውን ሁለት ትራስ አምጥተው ከጀርባችን አደረጉ። የልጃቸውን ደህንነት ጠየቁን፤ የማናውቀውን ሰው «ደህና ነው» አልናቸው።

ባለቤቴ ግድግዳውን መምታትና ማዳመጥ ስለፈለገ ሽንት ቤት እያለ ደጋግሞ ይነሳ ጀመር። መተላለፊያው ላይ ቆሞ በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርግ ይሰማኛል፤ እማማም ይሰማቸዋል። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ባልሽ ሹፌር ነው አላልሽኝም? ሽንታቸውን ይዘው እየዋሉ እኮ ነው ኩላሊታቸውን የሚጎዱት። አፋር ነው መሰለኝ፣ ማንም በሌለበት በር እያንኳኳ ነው የሚገባው» አሉኝ። ሳቄም ዕንባዬም አብረው መጡ። ሲመለስ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ ፊቱ ቆመው አስጨረሱት። ስንሰናበታቸው «እሁድ እሁድ ብቻዬን ነኝ፤ እንዳትጠፉ» አሉን። እንግዳ ነን ብለን ገብተን «አይ፣ ሁለተኛ አንመጣም» በየት በኩል ይባላል? እሁድ ሄድን። የሚቀጥለውም እሁድ ሄድን። ልጃችንማ ውላ አድራ እኛን መጠበቅ ትታ በራሷ ትሄድ ጀመር።

3. ዋጋ ያቀረብነው በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ችግር የለም እኛን በሩ አጠገብ፣ ሻጩን ደግሞ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠ። ዋጋ የሚመላለሰው በእሱ እግር ነበር። እኛ ጆሮ ላይ ጎንበስ ይላል፣ ወዲያ ይሄዳል፣ እዚያ ጎንበስ ይላል፣ ይመለሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሻጩን ጀርባና የኮቱን ኮሌታ እንጂ ፊቱን አላየሁም። ዋጋችን አነሰ በተባለ ቁጥር አንድ ሌላ ገዢ ይነሳብናል፤ ቤቱን አፍርሶ ጋራዥ ሊያደርገው የሚፈልግ ሰው አለ ይባላል። ይህ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ያን ጊዜ ግን እማማ ወንበር የሚያወጡባት በረንዳ ላይ አሮጌ ጎማ ተቆልሎ ታየኝ። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን እየረገጠኝ ያለንን ሁሉ ጠራሁ። በዚያው ተስማሙ።

ሻጩን ፊት ለፊት ያየሁት ውል ስንፈራረም ነው። ቁርጥ እናቱን ነው፤ ድምፁም ለስላሳ ነው። «በወሩ መጨረሻ ወደ እኔ ጋ እወስዳቸዋለሁ። እስከዚያ እነግራቸዋለሁ» አለን። ካርታው በእሱ ስም ነው። አባቱ ሲሞቱ እማማ፣ ግብር መክፈሉንና ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱን ልጄ ይቻልልኝ ብለው ስሙን አዛውረውለታል። ለእሳቸው ይህ ልጅን ጉዳይ እንደ መላክ ያለ ነገር ነው፤ ቤት የሰጡ አይመስላቸውም። በሕግ ዓይን ግን ቤቱ የልጃቸው ነበር፣ ሽያጩም ትክክል ነው። ሕጉ ከእኔ ጋር ነው፤ መከራዬም እሱው ነው።

4. በወሩ መጨረሻ የተከራየነውን ቤት ለቀቅን። አከራያችን ቁልፉን ሳይውል ሳያድር ለሌላ ሰው ሰጠ። ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን እማማ በር ላይ ስንደርስ፣ ግቢው እንደ ወትሮው ነው። የወጣ ዕቃ የለም፣ የመጣ ልጅ የለም። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ችግር የለም መኪናው ላይ ተደግፎ «ይመጣል፣ ይመጣል» ይላል። እማማ ድምፅ ሰምተው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። መኪናው ላይ የቆመውን ፍራሽ፣ የተገለበጠውን ጠረጴዛ፣ ከሹፌሩ አጠገብ መስታወት ታቅፋ የተቀመጠችውን ልጃችንን አዩ። ባለቤቴ «እማማ…» ብሎ ጀመረ።

«አስወጧችሁ?» አሉ። «ልጅ ይዛችሁ በዚህ ሁኔታ? እሰይ፣ እንኳን ወደ እኔ መጣችሁ። ሰው ዘመድ አለኝ ብሎ አይደል ዕቃውን ጭኖ የሚመጣው? በሉ ግቡ፣ ደጅ አታቁሙኝ። የኋላ ክፍሏን ዛሬ ነገ እያልኩ ሳላከራያት የቀረሁት ለካ ለእናንተ ኖሯል።» ይህን ብለው ድስታችንን ከመኪናው አንስተው ቀድመውን ገቡ። እኛም ድስቱን ተከትለን ገባን።

ለምን ያኔውኑ አልተናገራችሁም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እኔን ይጠይቀኛል፣ እኔም እሱን እጠይቀዋለሁ። «ግቡ» እያለ የሚጎትትን ሰው «ቤቱ እኮ የእኔ ነው» የሚል አፍ አልተሰጠኝም። ነገ እንናገራለን አልን። በነጋታው እማማ ለእኛ ብለው ሰርቪሷን ሲያጥቡ ዋሉ፤ እጃቸው ተልጦ ነበር። ነፃ እንኑር ማለት ደግሞ የባሰ ስለሆነብን ኪራይ እንከፍላለን ብለን ድርቅ አልን። እሺ አሉ። በገዛነው ቤት ተከራይ የሆንነው በዚህ መንገድ ነው።

5. ዕቃ በሚወርድበት ግርግር መሐል ችግር የለም ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ እማማ ተጠጋና፣ «ተከራዮቹን ያመጣሁልዎ እኔ ነኝ» አላቸው። እማማ ወደ ውስጥ ገብተው፣ የተጠቀለለ ብር ይዘው ወጥተው ኮሚሽኑን ከፈሉት፤ መረቁትም። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ የተከራይን ድርሻ ሲጠይቅ ባለቤቴ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አባረረው። በስልክ «አታፍርም ወይ?» ብዬው ነበር። «እህቴ፣ ሥራ ሥራ ነው። ያኛው ሽያጭ ነው፣ ይኼኛው ኪራይ ነው» አለኝ። በአንድ ቤት ከልጅየው፣ ከእኛ፣ ከእናቲቱም በልቷል። የእኛ ይቅር። የእማማ ግን ይመለስ ዘንድ እጠይቃለሁ። ከጥያቄዎቼ ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ ነገሩ ራሱ ተራ አይዝም።

እማማ ጥሩ አከራይ ናቸው። ይህን በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ምስማር ስንመታ «ግድግዳዬን ቀስ» ይላሉ እንጂ አይቆጡም። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ባለቤቴ በዕረፍት ቀኑ ወጥቶ ቆርቆሮ ቀየረ። ቤቱ መቼም የእኛው ነው ብዬ ወጪውን አላነሳሁም። እማማ ግን ወጪውን ጠይቀው ከኪራያችን ላይ ቀነሱልን። የራሴን ጣሪያ ስላደስኩ ከራሴ ኪራይ ሲቀነስልኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ልጃችንን መጀመሪያ «ቤቱ የእኛ ነው እንዳትዪ» ብለን አስጠንቅቀናት ነበር። አሁን ማስጠንቀቂያ አያስፈልጋትም። በቀደም ለጓደኛዋ «አከራያችን ሲበዛ ደግ ናቸው» ስትል ሰማኋት። ማታ ማታ የምትተኛው እሳቸው ጋ ነው።

ታዲያ አብራችሁ ኑሩ፣ ማን ከለከላችሁ ይሉ ይሆናል። እኛም ይህንኑ ነበር ያሰብነው። ቤቱ ለአራት ሰው ይበቃል፤ እማማ የትም አይሄዱም ብለን ተስማምተናል። ነገር ግን «እዚሁ ይኑሩ» ለማለት በቅድሚያ «ቤቱ የእኔ ነው» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ያቺን ማለፍ አቃተን። ባለቤቴ አውቶቡስ ላይ ሆኖ የሚናገረውን ቃል በቃል ሲያጠና ይውላል፤ ተሳፋሪ «ለብቻው ያወራል» ብሎ ሳይከሰው አይቀርም። አንድ ቀን ቆርጦ ገባ። እኔ ደጅ ቆሜ እጄን አጣጥፌ ስጠብቅ ቆይቶ ወጣ። «ነገርካቸው?» አልኩት። «ቧንቧቸው ያንጠባጥብ ነበር፣ ጠገንኩላቸው» አለኝ።

ልጃቸውን ባለቤቴ ስንት ጊዜ ደውሎ አንድ ጊዜ በስልክ አግኝቶት ነበር። ሰውየው አለቀሰ። «እኔ አልችልም፤ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እናንተ ንገሯቸው፣ እናንተን ይወዷችኋል» አለው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። የሚነሳው የችግር የለም ስልክ ነው። ርክክቡ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ይፈጸም ብለው ያመለከቱትም ሻጩና እሱ ናቸው። በእኔ ግምት፣ ልጅየው በአንደበቱ ያቃተውን ነገር በእርስዎ ሠራተኞች አንደበት ሊያስነግር ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ የተያዝኩበትን ወጥመድ በአጭሩ ላስረዳ። ያበደረን ባንክ ቀሪውን ክፍያ ለሻጩ የሚለቀው ቤቱን ባዶውን መረከባችንን የሚያሳይ ሰነድ ሲደርሰው ነው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። አልረከብም ካልኩ ውል ያፈረስኩት እኔ እባላለሁ፤ ቀብዳችን፣ ማለትም ባለቤቴ መሪ ላይ ያረጀበት፣ እኔም መስታወት ስሞርድ የኖርኩበት ሁሉ፣ ለሻጩ ይቀራል። ይህም ሆኖ እማማ አይድኑም። ችግር የለም ከወዲሁ ደውሎ፣ «ካልፈለጋችሁ ችግር የለም፤ የጋራዡ ሰውዬ ዛሬም አለ» ብሎኛል። እረከባለሁ ካልኩ ደግሞ ሠራተኞችዎ ከእኔ ጋር በዚያች በረንዳ በኩል ገብተው እሳቸውን ከነወንበራቸው ያስወጣሉ። ብረከብ እኔ አስወጣኋቸው፤ ባልረከብ ሌላው ያስወጣቸዋል። ይህን ለሠራተኛዎ ስነግራት ልታጽናናኝ ፈልጋ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ የምትወጪው እኮ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። በመልካም ልብ እንዳለችው አውቃለሁ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሥራም አረፈድኩ።

ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ ሰው የርክክቡን ማስታወቂያ የግቢው በር ላይ ለጥፎ ሄደ። ከሥራ ስመለስ እማማ ከወረቀቱ ፊት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቆመዋል። የቅርቡን ማንበብ ካቃታቸው ቆይቷል። «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ። «ውሃ ሊቋረጥ ነው ይላል» አልኳቸው። በዚያው ጎረቤት ለጎረቤት ዞረው አስጠነቀቁ። ሰፈሩ በሙሉ በርሜሉንና ጀሪካኑን ሲሞላ አመሸ። ወረቀቱን እኔ ነቅዬዋለሁ፤ ይህ ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ውሃው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ ጎረቤቶች እማማን «ሟርተኛ» እያሉ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ልጄ አንብባልኝ ነው፣ የመንግሥት ወረቀት አይዋሽም» እያሉ ስለ እኔ ይከራከራሉ።

የማንበቢያ መነጽር እንድሠራላቸው ከጠየቁኝም ሰንብተዋል። ዓይናቸውን መሥሪያ ቤቴ ወስጄ አስለክቼ፣ መስታወቱን በገዛ እጄ ሞርጄ ጨርሻለሁ። ቀላል፣ አፍንጫ የማይቆነጥጥ ፍሬም መርጬላቸዋለሁ። መሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። ማታ በገባሁ ቁጥር «ደረሰ?» ይሉኛል፣ «ገና ነው እማማ» እላለሁ። በሥራዬ አንድም ሰው ዓይኑን አስጠብቄው አላውቅም ነበር።

ትናንት ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጠው ጠበቁኝ። አንዲት ጎረቤታቸው ደላላው በመንገዱ ወዲያ ማዶ ቆሞ ቤታቸውን ለሰው በጣቱ ሲያሳይ አይታ ነግራቸዋለች። ለጽሕፈት ቤትዎ አቤቱታ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። «የአንቺ ጽሕፈት ያምራል፤ የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እንዲህ አጻፉኝ፦

«እኔ በዚህ ቤት ውስጥ ሙሽራ ሆኜ ገብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌንም ከዚሁ ቤት የሸኘሁ ሴት ነኝ። ቤቴ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እኔ ለማንም አልሸጥኩም። ልጄም እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። ገዛሁ የሚል ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነውና ይያዝልኝ። ምስክር ካስፈለገ የኋላ ክፍል ተከራዬን ጠይቁልኝ። የቤቱን ነገር ሁሉ ታውቃለች፤ ውሸት አይወጣትም።»

«አጭበርባሪ» የሚለው ላይ እጄ ቆመ። እማማ የፈራሁ መሰላቸው። ትከሻዬን ዳበስ አድርገው «ጻፊው፣ አትፍሪ። የሚመጣብሽ ካለ እኔ አለሁልሽ» አሉኝ። ጻፍኩት። አንብቢልኝ አሉ፤ እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝና «በእጅሽ አድርሺልኝ፤ ለሌላ ሰው አላምነውም» አሉኝ። ወደ ክፍሌ ገብቼ ለባለቤቴ ላሳየው ብዬ አልቻልኩም። ሌሊቱን ይህንን የራሴን ስጽፍ አደርኩ።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ዛሬ ጠረጴዛዎ ላይ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ሁለት አቤቱታዎች ይደርሱዎታል። የተሳሳትኩ እንዳይመስልዎ። የምጠይቀውም የሚከተለውን ነው።

የሐሙሱ ርክክብ እንዲዘገይና ይኸው ለባንኩ በደብዳቤ እንዲገለጽልን፤ ደብዳቤ ከደረሳቸው ጊዜውን እንደሚያራዝሙ ነግረውኛል። ሻጩ በጽሕፈት ቤትዎ ተጠርቶ፣ እናቱን ፊት ለፊት ቀርቦ በራሱ አንደበት እንዲነግራቸው ቢደረግ። ችግር የለም የወሰደባቸውን ኮሚሽን እንዲመልስ።

የእማማ ማመልከቻ ደግሞ ከእኔ በፊት እንዲታይልኝ። በሕግ እንደማይቆም አውቃለሁ። ነገር ግን ስለ ልጃቸውና ስለ እኔ ከተባለው በቀር አንድም ሐሰት የለበትም። ምስክር ተብዬ ከተጠራሁ እቀርባለሁ፤ ምን እንደምል ግን እስካሁን አላውቅም። ቤቱ የእሳቸው ነው ብል ልጄን ሜዳ ላይ እጥላታለሁ፤ የእኔ ነው ብል ደግሞ አጠገቤ ቆመው ይሰሙኛል።

በመጨረሻ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለእሳቸው የሚሰጠው መልስ ምንም ይሁን ምን በእጄ እንዳይላክ። በራሳቸው እጅ ይሰጥልኝ። መነጽራቸውን ከመሳቢያው አውጥቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ከመልሱ ጋር አብሮ ይሰጣቸው። መያዣው ውስጥ መጥረጊያ ጨርቅ አለ። መነጽር ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ትንሽ ቢያደናግራቸው ነው፤ ወረቀቱን ቀረብ አድርገው እንዲይዙት ቢነገራቸው ያነቡታል። «የለም፣ ልጄ ታንብብልኝ» ካሉ ግን፣ ሥራ ላይ ናት ይበሉልኝ።

ከትሕትናና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካች፦ የመነጽር ቤት ሠራተኛ

አባሪ፦ የሽያጩ ውል ቅጂ፤ የእማማ ማመልከቻ፣ ዋናው፤ አንድ የማንበቢያ መነጽር ከነመያዣው